ለሦስት ጣት የተሠሩ መሣሪያዎች

አራት ሰዎች ነበርን። ስማችንን አልጽፍም፤ አንዳችን በሕይወት የለም፣ አንዳችን የት እንደደረሰ አላውቅም፣ ያለ ፈቃድ የሰው ስም ማንሳትም አልወድም።

የመጀመሪያው እኔ ነኝ። አዳማ ከገበያው ወደ ባቡር ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ዳር የጋሪና የብስክሌት መጠገኛ ነበረኝ። ትምህርት ቤት የገባሁት ፊደል እስክለይ ብቻ ነው። የቀረውን ያወቅሁት ብረት እያበላሸሁ ነው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ቤቱን በፈትልና በራሽን ስኳር የምታቆም፣ ብዙ የማትናገር ሴት። ሦስተኛው የእሷ ታናሽ ወንድም፣ የእኔ ዋርሳ ነው። የባሕር ኃይል ሰው ነበር፤ ምጽዋ ላይ ቆስሎ ከቀኝ እጁ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አጥቶ ወደ እኛ መጣ። አራተኛው በአውራጃው የእጅ ሥራ ጉዳይ የሚከታተል ጓድ ነው። ከአብዮቱ በፊት አስተማሪ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። በዚያ ዘመን በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት ግን ትንሽ ነው።

ዋርሳዬ ቤታችን ሲገባ አንድ የሸራ ቦርሳና አንድ የሐኪም ወረቀት ይዞ ነበር። ወረቀቱ «ለቀላል ሥራ ይበቃል» ይላል። ትርጉሙ ለማናችንም አልጠፋም። ለቀላል ሥራ የበቃ ሰው፣ ግንባር ላይ ሰው ሲያንስ ለከባዱም ይበቃል። በመንግሥት ሥራ ላይ የተመደበ ሰው ግን የዘመቻ ጥሪ አይነካውም ነበር። ስለዚህ የቤታችን ጭንቀት አንድ ብቻ ሆነ፤ ከሚቀጥለው ጥሪ በፊት ሥራ ያገኛል ወይስ አያገኝም?

እሱ ግን ሥራ አይፈልግም ነበር። ጠዋት ተነስቶ ከግቢው ግንብ ሥር ይቀመጣል፣ ፀሐይዋ ስትደርስበት ወደ ጥላው ፈቀቅ ይላል፣ ይመሻል። ልጆቼ በፊቱ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። ነገሩን አልወደድኩትም። ሐዘን ቤት ውስጥ ሲለመድ ልጆችን ሰነፍ ያደርጋል ብዬ አምናለሁ።

«ተነስ፣ ሱቅ እንሂድ» አልኩት አንድ ቀን።

«ምን ልሠራልዎ ጋሼ? በየትኛው እጄ?»

«ሦስት ጣት አለህ። አንድም የሌለው አለ።»

ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና ሰማችኝ። እሱ ተነሳ። ጭካኔ ነው የሚለኝ ይኖራል። እኔ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም ነበር።

ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሰው የሚያመጣውን ብስክሌት በግራ እጁ እየያዘልኝ ሳለ ነው ያ ጓድ ፍሬን ሊያስጠግን የመጣው። ስለ እጁ ጠየቀው፣ ስለ ምጽዋ ጠየቀው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፦

«አንድ ቦታ ተከፍቷል» አለ። «የእጅ ሥራ ማሠልጠኛ፣ ለአስተማሪነት። አመልካቹ የሠራውን አንድ ሥራ ይዞ ይቀርባል። ኮሚቴው ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ሥራዎቹን የሚያየው ሶደሬ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ነው።»

«ምን ይሥራ?»

«ምን ያውቃል?»

ዋርሳዬ ራሱ መለሰ። «መርከብ አውቃለሁ። በባሕር ኃይል ትምህርት ቤት አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ትንንሽ የሸራ መርከቦች ያሠራን ነበር፣ ገመዱን በስሙ እንድናውቀው።»

ጓዱ ዓይኑ በራ። «መርከብ! የባሕር በራችን! ይወደዳል። በል ሥራው፣ ወንድሜ።»

የመርከቧን አካል፣ ቀፎውን፣ ከዋንዛ እንጨት ቀረጸው። ለዚህ ግራ እጁና የእኔ መጋዝ በቃው። ሸራው የሚሰቀልባቸውን የሁለቱን ምሰሶዎች እንጨት ከአንድ የዕቃ ማሸጊያ ሳጥን ነቀልነው፤ ጥድ ነበር፣ ለስላሳና ቀላል። እስከዚያ ድረስ ፊቱ ላይ ሰው የመሰለ ነገር ማየት ጀምሬ ነበር። ከዚያ ገመዱ መጣ።

የመርከብ ገመድ ለማያውቅ ሰው ልንገር። ምሰሶዎቹ እንዳይወድቁ ከግራና ከቀኝ፣ ከፊትና ከኋላ ይወጠራሉ፤ ሸራው በሌላ ገመድ ይወጣል፣ በሌላ ይወርዳል፣ በሌላ ይዞራል። ይህ ሁሉ ክንድ በምታህል መርከብ ላይ ሲሆን ገመዱ ክር ነው፣ ቋጠሮው የጤፍ ፍሬ ነው፣ ቋጠሮው የሚታሰርበት ቦታ ደግሞ ደህና ጣት እንኳ የማይገባበት ነው። ዋርሳዬ በቀሩት ጣቶቹ ሞከረ። ክሩ አመለጠው። ደግሞ ሞከረ፤ ቀድሞ ያሰረውን በክንዱ ጠልፎ አወረደው። መርከቧን አልሰበራትም፤ ቀስ አድርጎ አስቀመጣትና ወደ ግንቡ ሥር ተመለሰ።

ተከትዬው ሄድኩ። «ፈረንጁ ይህንን በምን ነበር የሚሠራው?»

«ሳጥን ሙሉ መሣሪያ ነበረው፣ ጋሼ። ከአገሩ ያስመጣው።»

«ሳጥኑ ውስጥ ምን ነበር? አንድ በአንድ ንገረኝ።»

«ብነግርዎ ምን ያደርጋል? በገንዘብ የሚገኝ አይደለም።»

«በገንዘብ እንገዛለን ማን አለህ? ንገረኝ።»

ነገረኝ። መሬት ላይ በእንጨት እየጫረ ሳለልኝ። የመጀመሪያው ክር የሚስብ ረጅም ቀጭን መንጠቆ ነበር። ሱቄ ውስጥ ራጂ የምንለው የብስክሌት ጎማ ሽቦ የተሰበረው ብዙ ነው። አንዱን በከሰል አግዬ አመድ ውስጥ ቀበርኩት፣ ቀስ ብሎ እንዲበርድና እንዲለሰልስ። ጫፉን በመዶሻ አሳስቼ በቀጭን ሞረድ ጎን ጎኑን ቆረጥኩለት፣ መልሼ አጋልኩትና ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ሠራ፤ ግን ክሩን ይበጣ ነበር። ጥፋቱን ያገኘሁት ከንፈሬ ላይ ሳስኬደው ነው፤ ዓይን የማያየውን ሸካራ ከንፈር ያውቀዋል። በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ ከዚያ በአሮጌ ቆዳና በአመድ። ሁለተኛ አልበጣም።

መንጠቆው የሚስብ ከሆነ የሚገፋ ደግሞ ያስፈልጋል። ለዚህ የተጣለ ጃንጥላ ፈታሁ። የጃንጥላ ዘንግ ውስጡ ቦይ ስላለው፣ ጫፉን በሞረድ ብትከፍተው ክሩን እንደ ሹካ አስገብቶ ይገፋል። ምላጭ ለሁለት ሰብሬ በተሰነጠቀ ሸምበቆ መካከል አሰርኩ፤ ክር መቁረጫ ሆነ። የልብስ መቆንጠጫዎችን አፋቸውን እንደ ወፍ መንቁር አሾልኳቸው፤ ሙጫው እስኪደርቅ ገመዱን የሚይዙ ሆኑ። ክሩን ወጥሮ የሚያቆይ ትንንሽ ክብደት ያስፈልጋል ሲለኝ፣ ወደ አዳሚ ቱሉ የሚመላለስ ደንበኛዬን ለመንኩት፤ ከዝዋይ ዓሣ አጥማጆች ዘንድ የመረብ ማጥለቂያ እርሳስ ለቀም አድርጎ አመጣልኝ።

ያደከመኝ ወረንጦው ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው እሾህ መንቀያ ጫፉ ሰፊ ነው፤ ያንን በሞረድ አቀጠንኩት። ግን ወረንጦ የሚይዘው ስትጫነው ነው፣ ለመጫን ደግሞ አውራ ጣት ይፈልጋል። ዋርሳዬ በመሐል ጣቱና በመዳፉ መካከል አድርጎ ሲሞክር ክሩን ቋጠሮ ሳይደርስ ይለቀዋል። ይህን ነገር ብዙ ቀን አሰብኩበት። ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ አሰብኩበት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። በመጨረሻ የወረንጦውን ሁለት እግሮች አግዬ እንደ መስቀል አሻግሬ አጠፍኳቸው። አሁን ሲጫኑት የሚከፈት፣ ሲለቁት ግን ራሱ ነክሶ የሚይዝ ሆነ። ለመያዣው ከፈረስ ዕቃ የተቆረጠ ቆዳ ወሰድኩ፤ በእጁ መዳፍ ዙሪያ የሚታሰር ጠፍር ሰፋሁለትና መንጠቆውም፣ ሹካውም፣ ወረንጦውም በየተራ የሚሰኩበት ኪስ አበጀሁለት።

አሰረው። መንጠቆውን በምሰሶዎቹ መካከል አሳልፎ ክሩን ያዘ፣ ሳበው፣ በወረንጦው አስነከሰው፣ በግራው ቋጠረ። አንድ ቋጠሮ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ የፈረንጁ እንዲህ አይነክስም ነበር።»

«ሥራህን ሥራ» አልኩት። ማመስገንም መመስገንም አልተማርኩም።

ባለጋሪዎቹ ነገሩን ሰምተው ሱቄ ደጃፍ ተሰበሰቡ። አንዱ ፈረሱን አቁሞ አንገቱን አስገባና በኦሮምኛ ሰላም አለኝ። «አካም ጅርቱ ኦቦ! ይቺ መርከብ አዋሽ ላይ ነው የምትሄደው ወይስ የኔ ፈረስ ይጎትታት?»

«ፈረስህ ራሱን መጎተት አቅቶታል» አለው ዋርሳዬ።

ሳቁ። ሌላው ቀጠለ፦ «እኔ ጎማ ላሠራ ስመጣ ብረት የለም ይላሉ። ለመርከብ ግን ሞልቷል! እኛም ባሕር እናምጣ?»

«ባሕሩን አምጣና እንነጋገራለን» አልኩት። ዋርሳዬ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው።

ገመዱን ባለቤቴ ፈተለችው። የሱቅ ክር ወፍራም ነው፣ ያብለጨልጫል፣ ገመድ አይመስልም። እሷ ከጥጥ ቀጭኑን ፈትላ፣ ሁለቱን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ሁለቱን ጥማድ ወደ ግራ ገመደችው፤ ወንድሟ ሲያየው «ይህ እውነተኛው ነው» አለ። የጥጥ ገመድ ግን ፀጉር ያወጣል፣ እርጥበትም ይጠጣል። ሰም መታሸት አለበት። ሻማ ሞከርን፤ ሲደርቅ እየተፈረፈረ ይረግፋል። የሚያስፈልገው የንብ ሰም ነበር።

የንብ ሰም ቤታችን ውስጥ ነበር። ሳጥን ውስጥ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ የጡጫ ያህል። ባለቤቴ ወንድሟ ምጽዋ ላይ ሳለ፣ በሕይወት ከተመለሰ ለታቦቱ ሰም አገባለሁ ብላ ተስላ፣ ከመጣ በኋላ ከየቦታው ለቃቅማ የገዛችው ነው። የሚገባው ለዓመቱ ንግሥ ነበርና ቀኑን ይጠብቅ ነበር።

«ጣት የምታህል ብቻ ነው የምፈልገው» አለ ዋርሳዬ።

ባለቤቴ ወደ እኔ አየች። «ቆርሰን በኋላ ብንተካውስ?»

«የተሳለ ነገር ላይ ቢላ አይነሳም» አልኩ።

«ጋሼ፣ ለራሴው የተሳለ እኮ ነው።»

«ለአንተ አይደለም የተሳለው። ስለ አንተ ነው። ለማን እንደሆነ ታውቃለህ።»

ከዚያ በላይ አልተነጋገርንበትም። በዚያ ዘመን ቤተ ክርስቲያን መሄድ በጎሪጥ የሚታይበት ጊዜ ነበር፤ ልጆቼ ጥናት ክበብ ውስጥ ሌላ ነገር ይሰማሉ። ቤቴ ውስጥ የማይነካ ነገር አንድ እንኳ ከሌለ ምን አስተምራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ግን እጄን አጣጥፌም አልተቀመጥኩም። በገበያ ቀን ወለንጪቲ ድረስ ሄድኩ፤ ማር ሻጮቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። የዋጋ ቁጥጥር ከመጣ ወዲህ ሰም ወደ ገበያ አይወጣም፣ ነጋዴው ይደብቀዋል። አንዷ አሮጊት ያሳየችኝ ሞራ የተቀላቀለበት ነበር፤ በጣቴ ሳሸው ሸተተኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ። የልብስ ሳሙና ተጠቀምን። ክሩን አለሰለሰው፣ ፀጉሩን አስተኛው። አዳማ ደረቅ አገር ነው፤ እዚህ ማንም ልዩነቱን አያየውም።

ዋርሳዬ ገመዱን ሁሉ አስሮ ሲጨርስ መርከቧን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ጓዱን ጠራነው። ዞሮ ዞሮ አያት። ሲያደንቅ ቆየና አንድ ገመድ በጣቱ ነካ አደረገ። ገመዱ ረገብ አለ።

«ይህ ለምን ላላ?»

«ሆን ብዬ ነው» አለ ዋርሳዬ። «ገመድ እርጥበት ሲነካው ይሳባል። ጥቂት እንተውለታለን።»

«ኮሚቴው ይህንን አያውቅም፣ ወንድሜ። የላላ ሥራ ነው የሚለው። በእኔ በኩል ነው የቀረበው፣ ይገባሃል? የላላ ነገር አቅርበሃል ብባልስ?» ላቡን ጠረገ። «ጠበቅ አድርገው። እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ይበል።»

ዋርሳዬ ወደ እኔ አየ። እኔ የባሕር ነገር አላውቅም፤ ጓዱ ደግሞ የኮሚቴውን ነገር ያውቃል። ዝም አልኩ። ዋርሳዬ ለብዙ ዓመት ታዛዥ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ጠፍሩን በመዳፉ አሰረና ገመዱን አንድ በአንድ ፈትቶ አጠበቀው። ሲጨርስ በጥፍር ብትመታው ይጮኽ ነበር።

ሶደሬ የሄድነው በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ነው። መርከቧን ካርቶን ውስጥ አድርጌ ጉልበቴ ላይ ይዣት ነበር፣ በየጉድጓዱ ከመቀመጫዬ ብድግ እያልኩ። የሚታዩት ሥራዎች የተደረደሩበት አዳራሽ ከፍል ውሃው ጎን ነበር። ከሌሎች ሥራዎች ጋር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናት። የማታዋ ፀሐይ ምሰሶዎቹ መካከል ገብታ የገመዱን ጥላ ግድግዳው ላይ ጣለችው፤ አንድ ሌላ አመልካች ሥራውን ትቶ መጥቶ አያት። ጓዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ዘበኛው ቆለፈ።

ጠዋት በሩ ሲከፈት የመስኮቱ መስታወት ሁሉ ላብ አውጥቶ ነበር። የኋላው መስኮት ሳይዘጋ አድሮ የፍል ውሃው እንፋሎት ሌሊቱን ሙሉ ገብቷል። ጥጡ ጠጥቶ ተሳቧል። የፊተኛው ምሰሶ ከመካከሉ ተሰብሮ በገመዱ ተንጠልጥሏል። የኋላው እንደ ቀስት ጎብጧል። ሳሙናው ደግሞ ነጭ ሆኖ ወጥቶ በየቋጠሮው ላይ እንደ ምራቅ ተለጥፏል።

ዋርሳዬ አልጮኸም። ጠፍሩን ከኪሱ አውጥቶ አሰረ። ምላጩን ሰካና የሚጎትተውን ገመድ መቁረጥ ጀመረ፣ ቢያንስ የኋላው ምሰሶ እንዲድን። እኔ የተሰበረውን ያዝኩለት፤ ሙጫ ቢኖረን እንኳ የሚደርቅበት ጊዜ አልነበረም።

«በመጀመሪያው ሳምንት ነው የተማርነው» አለ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሳ። «እርጥበት ሳይመጣ ገመዱን አላሉ ተብለን። የመጀመሪያው ሳምንት፣ ጋሼ።»

ኮሚቴው ገባ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። እኛ ጋ ሲደርሱ መሪያቸው ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መርከብ ነው» አለ ዋርሳዬ። «ሌሊት እርጥበት—»

ሰውዬው ወደ ጓዱ ዞረ። «በማን በኩል ነው የቀረበው?»

ጓዱ ከጠረጴዛው ፈቀቅ አለ። «ከቀበሌ... ከታች የመጣ ነው። እኔም አሁን ነው ያየሁት።»

«የተሰበረ መርከብ ለሕዝባችን ምን ይነግረዋል? አንሱት።»

ክፋት አልነበረበትም፤ ሰውዬው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ የቸኮለ ሰው ነበር። የተመረጠው ከስንደዶ የተሰፋ መዶሻና ማጭድ ነው። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ የሰፋው ሰው በመመረጡ ቅር አላለኝም። ዋርሳዬ ግን ሥራ አላገኘም።

ንግሡ በወሩ ዋለ። ባለቤቴ ሰሙን በነጠላዋ ጠቅልላ ሄዳ አገባችው። ስለቱ ሞልቶ ነበር፤ ወንድሟ በሕይወት ተመልሷል። ከንግሡ በኋላ ብዙ አልቆየም፣ የጥሪው ወረቀት በቀበሌው በኩል ደረሰው። ባቡር ጣቢያው ድረስ ሸኘሁት። ጠፍሩንና መሣሪያዎቹን ይዘህ ሂድ አልኩት።

«እዚያ ምን ይሠሩልኛል?»

«የአንተ ናቸው።»

«ይተውዋቸው ጋሼ። ሌላ ሰው ጣት ሲያጣ ይስጡት» ብሎ ፈገግ አለ። ምን ልበለው? ቀበቶህን አጥብቅ፣ ምግብ አትዝለል፣ ጸሎትህን አትርሳ አልኩት፤ አባት ለልጁ የሚለውን ሁሉ አልኩት። ሌላ የማውቀው አልነበረም።

መርዶው የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። የቀበሌ ሰዎችና ሁለት ጎረቤቶች ገና ጎህ ሳይቀድ በሩን ሲያንኳኩ ባለቤቴ አልጋው ላይ ቀና ብላ ተቀምጣ ነበር፤ «አትክፈተው» አለችኝ። ከፈትኩት።

ለቅሶው ካለቀ፣ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ፣ ልጆቹ ተኝተው ሳለ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ጣት የምታህል ሰም ነበረች። እግዚአብሔር ይቆጣ ነበር?»

«የተሳለ ነበር» አልኳት።

«ወንድሜን ሰጥቶኝ ነበር። ያንን ለማቆየት አንድ ጣት ሰም ብወስድ ይቆጣ ነበር ወይ ነው የምልህ።»

ደግማ አልጠየቀችኝም። ብዙ ሰው ታሪኩን ሲሰማ፣ ሰሙን ብትሰጠው ኖሮ ይለኛል። እኔ አልልም። ሰም ቢኖርም ገመዱ ያን ያህል ጠብቆ ምሰሶውን ሊሰብር ይችል ነበር፤ ቢላላም ኮሚቴው ሌላ ሰበብ ሊያገኝ ይችል ነበር። ለእግዚአብሔር የተለየ ነገር እንደማይነካ ዛሬም አምናለሁ፤ ልጆቼም እንዲያምኑ እፈልጋለሁ። ግን ትክክል መሆን በነጻ እንደሚገኝ አድርጌ አላስተማርኳቸውም። ዋጋውን እንዲያውቁ ነው የምጽፈው።

ነገሩ ጓዱን ያስከፈለው አንድ ውሸት ነው። ከዚያ ወዲህ ብስክሌቱን ሌላ ዘንድ ያስጠግን ነበር፣ መንገድ ላይ ሲያየኝም ይሻገራል። ኋላ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ባለቤቴን ያስከፈላት የነበራትን አንድ ወንድም ነው። እኔን ያስከፈለኝ የቤቴን ጨዋታ ነው፤ ባለቤቴ ስታናግረኝ እንደ እንግዳ ሰው በትሕትና ሆነ፣ እኔም አልወቀስኳትም። ዋርሳዬን ያስከፈለው የቀረውን ሁሉ ነው። ለመሣሪያዎቹ ከኪሴ የወጣው፣ ወረንጦውም፣ እርሳሱም፣ ምላጩም፣ ሞረዱም ተደምሮ ዘጠኝ ብር አይሞላም። ሁላችንንም ያስወጣን ድምሩ ዘጠኝ የማይሞላ ብርና አንድ ሰው ነው።